ለወፍራም ካርድ የሚሆን ፕሪንተር፦ "እስከ 300 ግራም" ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ቤቴ ውስጥ ትንሽ የህትመት ሥራ ጀምሬያለሁ። የንግድ ካርድ፣ የመጥሪያ ካርድ፣ የምስጋና ካርድ ነው የምሠራው። እስካሁን ዲዛይኑን እኔ እየሠራሁ ህትመቱን ውጭ ነበር የማሠራው። አሁን የራሴን ማሽን ልገዛ አስቤያለሁ። አንድ ሻጭ "እስከ 300 ግራም ይወስዳል" ብሎኛል። ይበቃኛል? ሌዘር ነው ኢንክጄት የሚሻለው? የሞከራችሁት ካላችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግራም ሲሉ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ማለታቸው ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ወረቀቱ ይወፍራል። "እስከ 300 ግራም" የምትለዋን ነገር ግን ተጠንቀቂያት። እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። የገዛሁት ማሽን ካታሎግ ላይ 300 ተብሎ ተጽፏል፤ ውሸትም አልነበረም። ግን 300 የሚወስደው በጎን በሚከፈተው የእጅ ማስገቢያ ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ፊት። ከታች ያለው መሳቢያ 220 ላይ ያቆማል። ወረቀቱን ራሱ ገልብጦ ሁለት ፊት ሲያትም ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የእኔ ካርድ በሙሉ ሁለት ፊት ነው። ስለዚህ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አንድ በአንድ ሳጎርስ፣ ገልብጬ ደግሞ ሳጎርስ አመሸሁ። ፊትና ጀርባው አልገጥም እያለ የጣልኩትን ካርድ ቤት ይቁጠረው።

ስለዚህ ሻጩን አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ቁጥር ጠይቂው። ከመሳቢያ ስንት ግራም? ከእጅ ማስገቢያ ስንት? ራሱ ገልብጦ ሁለት ፊት ሲያትም ስንት? ለአንቺ ሥራ ዋናው ሦስተኛው ነው።

ግራሙን በተመለከተ፣ ተራው የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነው። ደህና የሚባል የንግድ ካርድ ከ300 እስከ 350 ይሆናል። ስለዚህ 300 ላይ የሚያቆም ማሽን ገና ከመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ያቆምሻል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ ወረቀቱ የሚሸጠው በፓውንድ ነው፣ ፓውንዱም እንደ ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል። 100 ፓውንድ "ከቨር" ወደ 270 ግራም ነው። 110 ፓውንድ "ኢንዴክስ" ግን 199 ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ በልጦ ወረቀቱ የሚሳሳበት አገር! ሁልጊዜ ወደ ግራም ቀይራችሁ አወዳድሩ።

ከግራሙ ቀጥሎ ወረቀቱ በማሽኑ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ እዪ። ብዙ ትናንሽ ማሽኖች ከታች ስበው፣ አዙረው፣ በላይ ይተፋሉ። ወፍራም ካርድ እንደዚያ መታጠፍ አይወድም፤ ወይ ይነከሳል ወይ ጎብጦ ይወጣል። ከአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣበት ማሽን ከሆነ ግማሹ ችግር ቀለለ።

ሌዘር ወይስ ኢንክጄት? እኔ ለካርድ ሌዘር እላለሁ። ሌዘር ዱቄት ቀለሙን፣ ማለትም ቶነሩን፣ በሙቀት አቅልጦ ነው ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው። ወፍራም ካርድ ግን ሙቀቱን ይጠጣዋል። ማሽኑ "ተራ ወረቀት" ላይ ተስተካክሎ ካርድ ካስገባሽ ቶነሩ በደንብ አይቀልጥም፤ በጥፍር ስትፍቂው ይረግፋል። "ወፍራም ወረቀት" የሚለውን ስትመርጪ ማሽኑ ሆን ብሎ ይዘገያል፣ ሙቀቱ እንዲዘልቅ። በደቂቃ 40 ገጽ የተባለው ፍጥነት ለተራ ወረቀት እንጂ ለካርድ እንዳይመስልሽ።

ኢንክጄት ሙቀት አይፈልግም፤ ከኋላ ቀጥ ብሎ የሚያጎርስ ከሆነ ወፍራም ካርድም ይቀበላል። ቀለሙ ግን ፈሳሽ ነው። ለሌዘር የተሠራ አንጸባራቂ ወረቀት ስለማይመጠው ቶሎ አይደርቅም፤ እጅ ሲነካው ይበላሻል። ለኢንክጄት የተሠራ አንጸባራቂ ወረቀት ደግሞ ሌዘር ውስጥ እንዳታስገቢ። ሽፋኑ ቀልጦ ማሞቂያው ላይ ከተጣበቀ ወጪው ሌላ ነው።

ስለ ወጪ ካነሳን፣ ቶነሩ "ይህን ያህል ሺህ ገጽ ያትማል" የሚባለው ከእያንዳንዱ ቀለም የገጹን 5 በመቶ ብቻ የሚሸፍን ሥራ ታስቦ ነው። ሙሉ ጀርባው ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ካርድ ከወደድሽ ያንን ቁጥር እርሺው።

ጥያቄ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር። የሚታጠፈው ካርድ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ እየተሰነጠቀ ነጭ መስመር ይወጣበታል። ይሄ የማሽኑ ጥፋት ነው?

መልስ (ከሌላ ሰው)፦
ይሄንን እኔ ልመልስ፤ በማጠፊያው በኩል ነው የምሠራው። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን አትውቀሺው። ወረቀት እንደ እንጨት የጭረት አቅጣጫ አለው። እጥፋቱ ከጭረቱ ጋር አብሮ ከሄደ ለስላሳ ይሆናል፤ ካቋረጠው ይሰነጠቃል። ሲገዙ አቅጣጫውን መጠየቅ ነው። ከዚያም ሳታጥፊ በፊት መስመሩን በማስመሪያ መሣሪያ ያለ ቀለም፣ ወረቀቱ እንዲሰረጉድ ተጭነሽ አስምሪበት፤ ከ200 ግራም በላይ ለሆነ ካርድ ይሄን መዝለል የለም። ካልሆነም ዲዛይንሽ ላይ እጥፋቱ የሚያልፍበትን ቦታ ከደማቅ ቀለም ነፃ አድርጊው። ሸካራ ካርድ የምትወጂ ከሆነም ቶነር ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ በደንብ አይደርስም፤ ነጠብጣብ ይሆንብሻል።

አንድ ነገር ግን ከወንድማችን እለያለሁ። ሥራሽ በወር ጥቂት ትእዛዝ ከሆነ ማሽን አትግዢ። ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ማሽንም ገንዘብ ይበላል።

መልስ፦
ልክ ነህ፣ ያንን መጠየቅ ነበረብኝ። ያገለገለ ማሽን ከታየም እስካሁን ያተመውን የገጽ ብዛትና የማሞቂያውን ቀሪ ዕድሜ የሚያሳየውን ገጽ አትሞ ያሳይሽ። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ የራስሽን ካርድና የራስሽን ዲዛይን ይዘሽ ሂጂ። ሃያ ያህል፣ ሁለት ፊት፣ በተከታታይ ይታተም። የመጀመሪያዋ ሉህ ሁልጊዜ ታምራለች፤ አሥራ አምስተኛዋን ነው ማየት። ጥፍርሽንም ተጠቀሚ።

ጥያቄ፦
ሻጩ ጋ ደወልኩ። የመሳቢያውንና የእጁን ወዲያው ነገረኝ። ሦስተኛውን ቁጥር ስጠይቀው ዝም አለ፤ ከዚያ "አጣርቼ እደውላለሁ" አለኝ። እስካሁን አልደወለም።