ታንከር ውስጥ በአርጎን ለሚበይድ ሰው ስጋቱ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ጅማ ፈረንጅ አራዳ የብየዳ ቤት አለኝ። በመጪው ሳምንት በአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ያለ የማይዝግ ብረት ታንከር ከውስጥ በቲግ (ብየዳውን ከአየር ለመከላከል አርጎን ጋዝ በሚነፋበት የኤሌክትሪክ ብየዳ) እንድበይድ ተጠርቻለሁ፤ መግቢያው ትከሻን አጥብቦ የሚያስገባ ነው። አርጎን መርዝ አይደለም ይባላልና፣ አያቶቻችን በእህል ጉድጓድ እንደሚያደርጉት ኩራዝ አውርጄ ባይ አይበቃም?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ኩራዙን ይተዉት፤ ተቀጣጣዩ ጋዝ ሚቴን ሊኖር በሚችልበት የከሰል ማውጫ ፍንዳታ መጥራት ነው። አርጎን በእርግጥ አይመርዝም፤ የሚገድለው የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ ነው። ከአየር 1.38 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው የመታፈን ስሜት የሚሰማው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ሲጠራቀም ስለሆነ፣ አርጎን የሚተነፍስ በያጅ ምንም ሳይጨንቀው፣ ጭንብሉን እንኳ ሳያነሳ ይወድቃል።

መልስ 2፦ ከመግባትዎ በፊት በኦክስጅን መለኪያ ከላይ፣ ከመሐልና በተለይ ከታች ያስለኩ። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ አይግቡ። መለኪያው ሥራው እስኪያልቅ ደረትዎ ላይ ይሁን። ለምሳ ሲወጡ ቶርቹን (አርጎን የሚወጣበትን የብየዳ እጀታ) ይዘው ይውጡ፣ የአርጎኑን ሲሊንደርም ይዝጉ፤ የጋዙ ጎማ ቀስ ብሎ ሊያፈስ ይችላል። አየር በፋን ያስገቡ እንጂ የኦክስጅን ሲሊንደር ፈጽሞ አይክፈቱ፤ ልብስዎ በአንድ ፍንጣሪ ይነዳል።

ጠያቂ፦ ረዳቴ በር ላይ ይቆማል፤ ብወድቅ ገብቶ ያውጣኝ?

መልስ 1፦ አይግባ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሊያድን የገባው ነው። ቀበቶ ታጥቀው ይግቡ፣ እርሱም በገመዱ ከውጭ ይጎትትዎ።