የ25 ዓመቱ ተማሪ፦ ጄሰን ቤርን የያዘው ዕድሜው ነው ወይስ ውሉ?

መነሻ (ለሦስት ተከራካሪዎች)፦ «ሮዝዌል» የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ በኦክቶበር 1999 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካው ደብሊው ቢ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጀምር ተዋናዩ ጄሰን ቤር 26 ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር አይቀረውም ነበር። የያዘው ሚና ግን ከሌላ ዓለም የመጣው ማክስ ኢቫንስ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የአፍላ ወጣት ሚና ለትልቅ ሰው መስጠት ተገቢ ነው? ለተዋናዩስ ይበጀዋል?

አጥቢያ ኮከብ፦ አይበጀውም። ድራማው በሜይ 2002 ሲያልቅ ሰውየው 28 ዓመቱ ነው፤ ተመልካች የሚያውቀው ግን አንገቱን ደፍቶ ምስጢሩን የሚጠብቀውን ተማሪ ነው። የሐኪም ወይም የአባት ሚና ሲፈለግ መልማዮቹ የሚያዩት ቅንጭብ ከየት ይመጣል? ተመልካቹም ይጎዳል። የ15 ዓመት ልጅ የ25 ዓመት ሰው ትከሻና አገጭ እያየ «እኔ ለምን እንዲህ አልሆንኩም?» ይላል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ባለ ሰዓቱ፦ ስለ ተመልካቹ ያልከው እውነት ነው። ሰዓቱን ግን እንቁጠር። በካሊፎርኒያ ደንብ የ16 እና የ17 ዓመት ተዋናይ ትምህርት ባለበት ቀን የሚሠራው 6 ሰዓት ነው፤ 3 ሰዓት ትምህርት፣ 1 ሰዓት ዕረፍት ይጨመርበታል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው ሥራው 5 ሰዓት ይሆናል። የአንድ ሰዓት ድራማ አንድ ክፍል ብዙውን ጊዜ በ8 ቀን ይቀረጻል፤ የቀኑ ሥራ ደግሞ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ማክስ የሌለበት ትዕይንት ጥቂት ነው። ልጅ ብትመድብ ሰዓቱ ሲሞላ የሚቀርህ ተተኪውን ከጀርባ መቅረጽ ብቻ ነው።

በሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ ይብሳል። ማክስ እጁን ቁስል ላይ አድርጎ ሲፈውስ ብር የመሰለ የእጅ አሻራ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ትዕይንት ለመሥራት ካሜራው ሳይነቃነቅ አንዴ ከተዋናዩ ጋር፣ አንዴ ያለ እሱ ባዶውን ትቀርጻለህ። ልጁ መሃል ላይ ከሄደና ቀሪው ለነገ ካደረ፣ መብራቱ በትንሹ ቢዛነፍ እንኳ ሁለቱ ምስሎች አይጋጠሙም።

አጥቢያ ኮከብ፦ በ16 ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃን ብቃት ፈተና ያለፈ ልጅ እኮ እንደ አዋቂ ሰዓት መሥራት ይችላል።

ባለ ሰዓቱ፦ ይችላል፣ ልክ ነህ። ዕድገቱን ግን ፈተና አያቆመውም። የመጀመሪያው ምዕራፍ 22 ክፍል ነው፤ ቀረጻው ወራት ይወስዳል፤ በዚያ መሃል ቁመትም ድምፅም ይለወጣል።

ነገረ ፊልም፦ ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አለፋችሁት፤ እሱም ውሉ ነው። ተዋናዩ የሙከራው ክፍል (ጣቢያው ድራማውን ለመቀበል አይቶ የሚወስንበት የመጀመሪያ ክፍል) ከመቀረጹ በፊት ይፈርማል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ እሱን የማስቀጠል መብት የስቱዲዮው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት። የካሊፎርኒያ ሕግ ራሱ ገደቡን 7 ዓመት ላይ አስቀምጦታል። የጣቢያዎቹ ውሳኔ የሚሰማው በሜይ ወር ነው። እስከዚያ ቀዳሚ መብት የድራማው ስለሆነ በአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) የሚቀረጽ ፊልም አዘጋጅ «ይለቀቅ ይሆን?» እያለ አይጠብቀውም፤ ሌላ ሰው ይመድባል።

«ሮዝዌል»ን አስቡት። ለመሰረዝ ተቃርቦ አድናቂዎች የታባስኮ (የሚያቃጥል ስጎ) ጠርሙስ ለጣቢያው እየላኩ አስቀጠሉት፤ ለሦስተኛው ምዕራፍ ዩፒኤን ወደተባለ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፤ በ61 ክፍል አበቃ። ለተመልካች ደስታ ነው፤ ለተዋናይ ግን ቀኑን ቆርጦ መናገር የማይችልበት ጊዜ ነው።

ዕድሜው በር ዘጋበት የሚለውንም አልቀበልም። በ2004 የተጫወተበት «ዘ ግራጅ» የተባለ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። «ሮዝዌል»ን በ20 ዓመታቸው ገደማ የጀመሩት የሥራ ባልደረቦቹ ሺሪ አፕልቢና ካትሪን ሃይግል እንኳ መንገዳቸው ለየቅል ነው፦ ሃይግል በ«ግሬይስ አናቶሚ» ድራማ የ2007ን ኤሚ የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደች፤ አፕልቢ በ«አንሪል» ድራማ ከመሪ ተዋናይነት ጋር አንዳንድ ክፍሎችን በዳይሬክተርነት ሠራች።

አጥቢያ ኮከብ፦ የውሉን ነገር እቀበላለሁ፤ የውሳኔው ቀን ወደ ማርች ቢመጣ ተዋናዩ በጋውን አያጣም። የተመልካቹ ጉዳት ግን መልስ አላገኘም።

ባለ ሰዓቱ፦ ለእሱ የምለው ከ18 እስከ 20 ያለውን መመደብ ነው። የሰዓት ገደብ የለበትም፤ ፊቱም ገና የልጅ ነው። 25 ግን ለእኔም ይበዛል።