ያገለገለ የእጅ ጌም ለልጅ መግዛት ያዋጣል ወይ?

አባት ከቀበሌ 14

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ዘንድሮ የ6ኛ ክፍል ፈተናውን በጥሩ ውጤት ካለፈ በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ እንደምገዛለት ቃል ገብቼለት ስለነበርና እሱም የድርሻውን ስለተወጣ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቃሌን መፈጸም እፈልጋለሁ። ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ ማምሸት መጀመሩ ነው። መጫወቱን አልጠላም። ነገር ግን በየጨዋታው እየከፈለ፣ ትልልቆቹ ልጆች ተራውን እየነጠቁት ቆይቶ ከመሸ በኋላ ብቻውን ወደ ቤት መምጣቱን ልቀበለው አልቻልኩም።

ስልክ ለምን አትገዛለትም የሚሉኝ አሉ። ስልክ ከጌሙ ጋር ሌላውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ፣ በዚህ ዕድሜው እጁ ባይገባ እመርጣለሁ። አዲሶቹ የእጅ ጌሞች ደግሞ ከአቅሜ በላይ ናቸው። ስለዚህ በፊቴ ያሉት ሁለት አማራጮች ሁለቱም ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ ያየሁት ፒኤስፒ 3000 የተባለ የሶኒ የእጅ ጌም ሲሆን፣ 16 ጊጋ ሚሞሪ ገብቶበትና ጌሞች ተጭነውበት 9000 ብር ተብያለሁ። ይህ ሞዴል ለገበያ የቀረበው በ2008 እ.ኤ.አ. በመሆኑ ዕቃው ከልጄ በዕድሜ ይበልጣል። ሁለተኛው አሜሪካ የምትኖረው የባለቤቴ እህት፣ ልጇ የተወውን ኔንቴንዶ 3ዲኤስ ከነቻርጀሩ በሰው እጅ ልትልክልን ፈቃደኛ መሆኗ ነው። ለእሱ የምከፍለው ባይኖርም፣ ጌሞቹ በካርትሪጅ፣ ማለትም መሣሪያው ውስጥ በሚሰካ ትንሽ ካርድ፣ የሚመጡ በመሆናቸው እዚህ አላገኛቸውም ብዬ እሰጋለሁ።

የእነዚህን አሮጌ መሣሪያዎች ጥቅምና ጉዳት በእጃችሁ ይዛችሁ ያያችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ልጁ ሁለት ወር ተጫውቶበት የሚሞት ዕቃ ከሰጠሁት ቃሌን ከማጠፍ የባሰ ይሆንብኛል።

የጥገና ባለሙያ

ወንድሜ፣ ብር ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሥራዬ ስለሆነ እነዚህ ዕቃዎች አልፎ አልፎ እጄ ላይ ይወድቃሉ። የዕቃው ዕድሜ ብቻውን አያስደንግጥዎ። ሰሌዳውም ስክሪኑም ጠንካራ ናቸው፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ተቀምጦም ያረጃል፣ በተለይ ባዶውን ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ከሆነ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፒኤስፒ ግድግዳ ላይ ከተሰካ ያለ ባትሪም ይሠራል። ሻጩ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ አብርቶ ካሳየዎት ስለ ባትሪው ምንም አላሳየዎትም ማለት ነው። ስለዚህ ይንቀሉት፣ ጌም ከፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያጫውቱት። ከዚያ አጥፍተው የኋላውን ክዳን በጥፍርዎ ይክፈቱና ባትሪውን አውጥተው ለጥ ባለ መስተዋት ላይ በማስተኛት በጣትዎ ለማሽከርከር ይሞክሩ። ጤነኛ ባትሪ ሁለቱም ገጹ ዝርግ ስለሆነ ፈቀቅ ብሎ ይቆማል፤ የሚሽከረከር ከሆነ ሆዱ አብጧል። አንድ ጊዜ አንድ ታዳጊ ያመጣልኝ ፒኤስፒ ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ክዳኑን አንስቶት ነበር። ልጁ ክዳኑ አልገጥም ሲለው በፕላስተር ጠቅልሎ ወራት ተጫውቶበታል። ያበጠ ባትሪ ከተጫኑት ወይም ከተበሳ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ቻርጅ ማድረግ ቀርቶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም።

ምትክ ባትሪ ይገኛል፤ ነገር ግን አብዛኛው የኮፒ ነው። የ3000ው የፋብሪካ ባትሪ የሚይዘው የኃይል መጠን 1200 ሚሊአምፒር አወር ነው። በዚያው ውፍረት 3600 ተብሎ የተጻፈበትን ካዩ ጽሑፉን አይመኑ። የመጀመሪያው ሞዴል የ1000ው ባትሪ 1800 ነው። ነገር ግን ወፍራም ስለሆነ በ3000ው ላይ ክዳን አያስገጥምም።

ቀጥሎ አናሎጉን፣ ማለትም ተጫዋቹን በአውራ ጣት የሚያንቀሳቅሱበትን ክብ ቁልፍ፣ ይመልከቱ። ጌም ከፍተው እጅዎን ሲያነሱ ተጫዋቹ በራሱ የሚሄድ ከሆነ አናሎጉ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለውን ጎማና መገናኛውን በአልኮል በማጽዳት ይስተካከላል፣ ስለዚህ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆንዎታል እንጂ ዕቃውን የሚያስጥል ችግር አይደለም። ሚሞሪው ግን ያስጥላል። ፒኤስፒ የሚቀበለው ሜሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱኦ የሚባለውን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ደግሞ በአመዛኙ አስመስሎ የተሠራ ነው። 16 ጊጋ ብሎ ራሱን ቢያሳይም 4 ጊጋ ሲሞላ የገባበትን ማበላሸት የሚጀምር አይቻለሁ። እኔ የምመክረው ጥሩ ማይክሮ ኤስዲ በአዳፕተር ማስገባትን ነው።

ዩኤምዲ በተባለው የፒኤስፒ ትንሽ የጌም ዲስክ ለመጫወት አያስቡ፤ እዚህ ዲስኩን ማግኘት ከባድ ነው። የሚሸጥልዎ ሶፍትዌሩ የተነካና ጌም የተቀዳበት ነው፣ ሲስተሙን አፕዴት ካደረጉት የተነካው ሶፍትዌር ጠፍቶ ጌሞቹ ላይከፈቱ ይችላሉ። የተቀዳ ጌም ለሠሪዎቹ ምንም እንደማያስገኝም ማወቅዎ ተገቢ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ለደንበኛ ጌም አልጭንም።

የጣና ዳር እህት

እኔ አይግዙ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም በደንብ ላስረዳ። ባለፈው ክረምት ለወንድሜ ልጆች አንድ ፒኤስፒ ገዝቼላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከእጃቸው አልወረደም። ከዚያ በኋላ ታላቁ እየተወው መጣ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚህ ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች እኮ ጡረታ ወጥተዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ለፒኤስፒ የወጣው የመጨረሻው የፊፋ እግር ኳስ ጌም የ2013 እ.ኤ.አ.ው ፊፋ 14 ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ቅዳሜ ማታ ስላዩት ጨዋታ ነው። ቡድኑን ለማሳደስ በቤታችን ዋይፋይ ላይ ላገናኘው ብሞክር እንቢ አለ፤ ለካስ ይህ ዕቃ ደብሊውፒኤ2 የተባለውን የዋይፋይ ቁልፍ አያውቀውም፣ የእኛ ራውተር ደግሞ የሚሠራው በእሱ ብቻ ነው። ቢገናኝም የሚያሳድሰው ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

በመጨረሻ ሚሞሪው ተበላሸና ታናሹ ሁለት ወር የደከመበት ሁሉ ጠፋ። ያን ዕለት እንዴት እንዳለቀሰ አልረሳውም። ሱቁ ዘንድ ስመለስ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ተባልኩ፣ በእጄ የያዝኩት ደረሰኝም ሆነ የዋስትና ወረቀት አልነበረም።

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅዎ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄደው ጌሙን ፈልጎ ነው ወይስ ጓደኞቹን? ጓደኞቹን ከሆነ በኪስ የሚገባ ዕቃ ያንን አይተካለትም። የኛ ታላቁ ልጅ ፒኤስፒውን አልጋው ላይ ጥሎ የተመለሰው እዚያው ቤት ነበር። 9000 ብሩን ከማውጣትዎ በፊት ልጁን ተቀምጠው ያነጋግሩት።

መምህር ከደቅ

የእህታችን ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም ስለ አሮጌ የእጅ ጌሞች ከዚህ የተለየ ነገር አይቻለሁ። በደቅ ደሴት ስለማስተምር ከባሕር ዳር ስመላለስ ጀልባ ላይ ሰዓታት አሳልፋለሁ። መሐል ጣና ላይ የስልክ ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ ነው፤ የዛሬዎቹ የስልክ ጌሞች አብዛኞቹ ኢንተርኔት ሲያጡ ወይ አይከፈቱም ወይ ማስታወቂያ መጫን አቅቷቸው ይቆማሉ። አሮጌው ዕቃ ግን ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ማንንም አይጠይቅም፣ ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም፣ በመሐል ግዛ አይልም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። መብራት በሚጠፋበት የክረምት ማታም ቤት ውስጥ የሚኖረው ዋጋ እንዲሁ ነው።

ሁለት ፒኤስፒዎች አጠገብ ለአጠገብ ከሆኑ ያለ ኢንተርኔት እርስ በርስ ያገናኛሉ። ጌሙ ከፈቀደ እስከ 16 ሰው ድረስ መጫወት ይቻላል። ልጆቼ ከጎረቤት ልጅ ጋር ደጅ ላይ ቁጭ ብለው እየተሳሳቁ ሲጋጠሙ ሳይ ብቻቸውን ተደብቀዋል ብዬ አላስብም። ጉዳቱንም ልናገር። በሐይቁ ዳር ፀሐይ የፒኤስፒ ስክሪን ከነጸብራቁ ለማየት ይቸግራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የኔንቴንዶ የእጅ ጌም፣ የመጀመሪያው ጌም ቦይ አድቫንስ፣ በተቃራኒው ነው። የራሱ መብራት የለውም፤ ማታ ምንም አያሳይም፣ ፀሐይ ላይ ግን ፍንትው ብሎ ይታያል። የሚሠራውም ከየኪዮስኩ በሚገዛ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ስለሆነ የሚያብጥ ባትሪ የለውም። ቢያገኙት እሱንም አይናቁት።

አሁን ወደ 3ዲኤሱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጠያቂው አባት ያላነሱት አንድ አደገኛ ነገር አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የኔንቴንዶ ቻርጀር የሚቀበለው 120 ቮልት ብቻ ነው። የእኛ መስመር 220 ነው። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል ሰው ሁሉም እንደዚያ ነው ብሎ ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል፤ ወዲያው ይቃጠላል። የፒኤስፒው ቻርጀር እንደ ስልኩ ሁለቱንም ይቀበላል። ለ3ዲኤስ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ ስላለው በስልክ ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ መጠቀም ይቻላል።

ሌላው፣ የ3ዲኤስ ጌም በአገር የተከፋፈለ ስለሆነ የአሜሪካው መሣሪያ የአሜሪካ ካርትሪጅ ብቻ ይቀበላል። ከ3ዲኤስ በፊት የነበረውን የዲኤስ መሣሪያ ካርትሪጅም ያጫውታል፤ እነዚያ አብዛኞቹ የአገር ገደብ የላቸውም። የኢንተርኔት መሸጫው በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ስለተዘጋ አዲስ ጌም ከዚያ መግዛት አይቻልም። የኢንተርኔት ጨዋታውም በሚያዝያ 2024 ተቋርጧል። ስለዚህ የባለቤትዎ እህት ካርትሪጆቹን አብራ እንድትልክ አሁኑኑ ይንገሯት፤ ያለ ካርትሪጅ ባዶ ሳጥን ነው። ባትሪው አዲስ እያለ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይቆይ ነበር፤ አሁን ከዚያ ያነሰ ይጠብቁ። ልጅዎ 12 ዓመቱ ስለሆነ የስክሪኑን 3ዲ፣ ማለትም ጥልቀት ያለው መስሎ የሚታየውን ምስል፣ ማየቱ ችግር የለውም። አምራቹ ባለ 2ዲ ብቻ ይሁን ያለው ለ6 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ሕፃናት ነው።

አባት ከቀበሌ 14

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያው እንዳሉኝ ትናንት ሱቁ ሄጄ ነበር። ፒኤስፒው ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ ጥርት ብሎ ይሠራል። ንቀልልኝ ስለው ሻጩ ቻርጅ ስላልሞላ ነው አለኝ፤ እሺ ብዬ ሻይ ጠጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ሲነቅለው ስክሪኑ በቅጽበት ጠፋ። ባትሪውን አስወጥቼ የሱቁ መስተዋት ላይ ባስተኛውና በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ እንዝርት ሾረ። ሻጩ ወዲያው ወደ 6000 ወረደልኝ፣ ነገር ግን ደፍሬ አልገዛሁትም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፦ የ3ዲኤሱን ባትሪ ከአሜሪካ ሳይነሣ እንዴት ላስፈትሸው?

የጥገና ባለሙያ

የኋላው ክዳን በትንንሽ ብሎኖች የተያዘ ነው፤ ክዳኑ ከአንድ ጎን ተነሥቶ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ሞልተው ከነቀሉት በኋላ ሁለት ሰዓት ካጫወተ ይላኩት። መንገድ ላይ ሲመጣ ባትሪው ግማሽ ያህል ቻርጅ ይኑረው፤ ባዶውንም ጢም ብሎ ሞልቶም አይሁን።

አባት ከቀበሌ 14

እንዳላችሁት አስፈትሼዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆይቷል። የባለቤቴ እህት ቻርጀሩን እዚያው ትታ፣ የዩኤስቢ ገመዱን ገዝታ ከአራት ካርትሪጆች ጋር ለመልእክተኛው ሰጥታዋለች፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይደርሰናል። የእህታችንንም ጥያቄ ልጄን ጠይቄዋለሁ። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄደው ከአንድ የጎረቤት ልጅ ጋር እንደሆነና የዚያ ልጅ እናትም እንደኔ እንደምትጨነቅ ነገረኝ። እሷን አነጋግሬ ክረምቱን ሁለቱ እኛ ግቢ ተገናኝተው እንዲጫወቱ ተስማምተናል። ዕቃው አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ይሆናል፤ ተራው በየግማሽ ሰዓቱ እንዲሆን ልጆቹ ራሳቸው ተነጋግረው ወስነዋል።