ስኖሞቢል ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ካናዳዋ ከተማ ወደ የሎውናይፍ ከመጣሁ ይሄ ሁለተኛ ክረምቴ ሊሆን ነው። ክረምት ስል የበረዶውን ነው፣ የእኛን የዝናቡን አይደለም። እናቴም በስልክ ሁሌ ግራ ይገባታል። አምና ቤት ተዘግቼ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ አለቀ። ዘንድሮ እንደ ሰው ሐይቁ ላይ ልውጣ፣ ዓሣም ልሞክር ብዬ ስኖሞቢል፣ ያን በረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተር፣ ለመግዛት ቆርጫለሁ። ሻጩ ባለ 850 ሲሲ ቱርቦ አሳይቶኝ ልቤን ሰረቀው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "ያማሃ ፎር ስትሮክ ካልሆነ እንዳትነካ" ይለኛል። እኔ በሕይወቴ ከባጃጅ ሌላ የነዳሁት የለም፣ እሱንም የአጎቴን ተደብቄ። ስኪዱ፣ ፖላሪስ፣ አርክቲክ ካት፣ ያማሃ፣ የቱን ልያዝ? ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ብዙ ዓመት ስለነዱ ቢመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦

የኔ ወንድም፣ ጥያቄህን ያነበብኩት እዚሁ ጅማ ሆኜ ነው። ለእረፍት መጥቻለሁ። ነሐሴ ስለሆነ ሰማዩ እንደተቀደደ ይውላል። ትናንት የወንድሜ ባጃጅ እምቢ ብሎ መርካቶ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ቡና አስመጥተን ስንጠጣ ጥያቄህ መጣ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መካኒኩ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ አንገቱን አስግጎ የኔን ስኖሞቢል ፎቶ አየ። "ጎማው የታለ?" አለኝ።

ጎማ የለውም። ከፊት ሁለት ስኪ አለው። ከኋላ እንደ ታንክ የሚዞር የላስቲክ ሰንሰለት ነው። አነዳዱ ለባጃጅ ልጅ አይከብድም፣ መሪው በሁለት እጅ የሚያዝ ነው። ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ነዳጁን በቀኝ አውራ ጣትህ ትጫነዋለህ፣ ፍሬኑ በግራ እጅህ ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው አንድ ሰፊ ቺንጋ ነው። ይቺን ቺንጋ ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሁሉም የሚጀምረው ከማርካ ነው፣ አንተም ከዚያ ጀመርክ። እኔ ግን መጀመሪያ ምን ልትጎትትበት ነው፣ ሲበላሽስ ማን ይፈታልሃል ብዬ ነው የምጠይቅህ። ጅማን ባጃጅ የሞላት ከተሽከርካሪ ሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። መለዋወጫው ከየሱቁ ይገኛል፣ ከጅሬን እስከ ቦሳ ያለ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የሎውናይፍም ያው ነው። በጥር አንድ ዕቃ ቢሰበርብህና ዕቃው ከደቡብ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ብትጠብቅ፣ ያ ማሽን ጓሮህ ውስጥ የቆመ ውድ በርጩማ ነው።

የኔን ልንገርህ። የመጀመሪያውን የገዛሁት ልክ እንዳንተ ልቤ ተሰርቆ ነው። የማርካውንም የሱቁንም ስም አልጠራም። ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። ሻጩ ፍጥነቱን ነገረኝ፣ የሚጎትተውን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በጥር ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ላይ የሎውናይፍ ዳር ያለው ግሬት ስሌቭ ሐይቅ ገባን። ከኋላዬ ተሳቢ አለ። ተሳቢው ላይ ድንኳን፣ የበረዶ መሰርሰሪያ፣ ምድጃ፣ አንድ ጓደኛዬ ጭምር። ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደራቅን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቀጥሎ ጧ! ሞተሩ ይጮኻል፣ እኛ ቆመናል። ሽፋኑን ብከፍተው ቺንጋዋ ተበጣጥሳ ክሯ እንደ ቃጫ ፑሊው ላይ ተጠምጥሟል። ትርፏ ቺንጋ? ቤት፣ መደርደሪያ ላይ፣ ፕላስቲኳ እንኳ ሳይቀደድ። ጓንቴን አውልቄ ክሩን ስለቅም ሁለት ጣቶቼ ነጡ። እስከ ዛሬ ሲበርድ ይጠዘጥዙኛል። በመጨረሻ አንድ የዴኔ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ ሽማግሌ ሰፊ ሰንሰለት ባለው አሮጌ ማሽን መጥተው ጎተቱን። አንድ ቃል አልተናገሩም። የኔን ቀይ ማሽን ከላይ እስከ ታች አዩና ፈገግ ብቻ አሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። ያ ማሽን የተሠራው በጥርጊያ መንገድ ላይ ለመብረር ነው። ሸክም አስረህበት ቀስ እያልክ ስትጎትት ቺንጋዋ ትንሸራተታለች፣ ትግላለች፣ ትበጠሳለች። የመንገድ ስፖርት ማሽን ሰንሰለቱ ብዙውን ጊዜ 15 ኢንች ስፋት፣ 137 ኢንች አካባቢ ርዝመት አለው። የሥራ ማሽን የሚባለው ግን 20 ኢንች ስፋት ይይዛል፣ 24 የሆነም አለ፣ ርዝመቱም 154 ድረስ ይሄዳል። የተራራዎቹ ደግሞ ረጅም ሆነው ጥርሳቸው እስከ 3 ኢንች ይደርሳል። ለጥልቅና ለስላሳ በረዶ ነው፣ ላንተ ለሐይቁ ምንም አይሠራልህም።

ስፋቱ የሚያስፈልግህ ለሸክም ብቻ አይደለም። ሐይቁ ላይ ብዙ በረዶ ሲወርድ ክብደቱ ግግሩን ይጫነዋል፣ ውሃው በስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። ላዩ ላይ ያለው ለስላሳ በረዶ ደግሞ እንደ ጋቢ ሸፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ከላይ ስታየው ንጹሕ ነጭ፣ ስትገባበት የነሐሴ የጅማ ጭቃ ነው። ጠባቡ ሰንሰለት ይሰምጣል። ሰፊው ብዙ ጊዜ ተንሳፎ ያልፋል። ድንገት ከገባህበት አትቁም፣ ነዳጁን ሳትለቅ ቀጥ ብለህ ውጣ። ከቆምክ ሰንሰለቱ ውስጥ የገባው ውሃ ይረጋል፣ ያኔ በመጥረቢያ ነው የምትፈለፍለው።

ሰፊው አመል የለውም አልልህም። መታጠፍ አይወድም። መሪውን ታዞራለህ፣ እሱ እንደተጫነ አይሱዙ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከመታጠፊያው በፊት ነዳጁን መቀነስ ነው፣ ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ስኪዎቹ ይመጣል። ሰውነትህንም ወደምትታጠፍበት ጎን ጣል። ከስኪው ሥር ያለውን የብረት ስለት ደግሞ በእጅህ እየዳሰስክ ተከታተለው። ከዶለዶመ ግግሩን አይነክስም፣ መሪው ለጌጥ ይሆናል።

ወደ ሞተር ልምጣ። መካኒኩ እዚህ ላይ ነው ሥራውን ጥሎ ማዳመጥ የጀመረው። ጥግ ላይ የግብርና ባለሙያዎች የሚነዱት ዓይነት አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ተፈታቶ ነበር። ቱ ስትሮክ ነው። ያ ሰማያዊ ጭሱ፣ ያ ድምፁ፣ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። "በረዶ ላይም ይሄው ነው?" አለኝ። አዎ፣ የልጅ ልጁ ነው። ቱ ስትሮክ ክራንኩ በዞረ ቁጥር ይተኩሳል፣ ፎር ስትሮክ በሁለት ዙር አንዴ። ስለዚህ ቱ ስትሮክ ቀላል ሆኖ ጉልበቱ ብዙ ነው። የዛሬዎቹ ነዳጁን በኮምፒውተር መጥነው ስለሚረጩ እንደ ድሮው ጢሳም አይደሉም። ዘይት ግን ከቤንዚን ጋር እያቃጠሉ ነው የሚሄዱት፣ ጋኑን እያየህ ትሞላለህ። ፎር ስትሮክ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚጎትት ሰው የሚመቸው እሱ ነው። በዚያ ብርድ ግን ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል። ማታ ሞተር ማሞቂያውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተህ ካላደርክ ጠዋት ባትሪውን ትገድለዋለህ።

ስለ ቱርቦው እቅጩን ልንገርህ። ቱርቦ ሥራው ወደ ሞተሩ አየር ጨምቆ ማስገባት ነው። ሞተር ከፍታ ሲጨምር አየር ያንሰዋል፣ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያጣል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ በረዶ ቢኖር ከስድስት አንድ እጅ ያህል ጉልበት ይጎድልብህ ነበር፣ ቱርቦውም ይገባህ ነበር። የሎውናይፍ ግን 200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። አየር ሞልቷል። በዚያ ላይ እስከ 180 የፈረስ ጉልበት ለጀማሪ ምን ይሠራለታል? ባለ 600 ሲሲው፣ 85 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከበቂ በላይ ነው።

ማርካውን አልረሳሁም። ስኪዱ የካናዳ ነው፣ ከኬቤክ ቫልኩር ከተማ። ሞተሩን ሮታክስ ኦስትሪያ ውስጥ ይሠራል። ሰሜን ካናዳ ውስጥ ማርካው ምንም ይሁን ምን ማሽኑን ሁሉ "ስኪዱ" ነው የሚሉት፣ እኛ ባለ ሦስት እግሩን ሁሉ ባጃጅ እንደምንለው። የጀመረው ሰው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ይባላል። በፈረንጆቹ 1934 ክረምት ትንሽ ልጁ ታሞ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳያደርሰው ሞተበት። ስኪዱን ገበያ ያወጣው ከ25 ዓመት በኋላ በ1959 ነው። ይሄን ስነግራቸው ጋራዡ ዝም አለ። በክረምት ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ጭቃ ያቋረጠ ሰው ለዚህ ታሪክ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ወንድሜ ቡናውን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

ያማሃ ጥሩ ማሽን ነው፣ ባልደረባህ አልዋሸም። ግን በ2023 ከስኖሞቢል ሥራ እንደሚወጡ አስታወቁ፣ ለሰሜን አሜሪካ የ2025 ሞዴል የመጨረሻው ነው። አሮጌውን በርካሽ ካገኘህና የሚሠራልህ ሰው ካለ ግዛ። አዲስ ብሎ ሙሉ ዋጋ መክፈል ግን አልመክርህም። አርክቲክ ካትም በ2024 መጨረሻ ምርት እንደሚያቆም ተነግሮ ነበር፣ በ2025 አዲስ ባለቤት አገኘ። እኔ ብሆን አንድ ሁለት ዓመት አየዋለሁ።

ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ፦

ጋሼ፣ እናከብርዎታለን፣ ግን ፖላሪስን ዘለሉት! እኔ እዚህ ሰባት ዓመት ነድቻለሁ፣ ባለቤቴ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ፖላሪስ በ1954 እዚሁ ሚኒሶታ ሮዞ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድጋር ሄቲን ከዚያ ወጥቶ ቲፍ ሪቨር ፎልስ ላይ አርክቲክ ካትን መሠረተ። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጡ ነው። ፉክክሩ የጎረቤት ፉክክር ነው፣ ሰርግ ላይ ሁሉ ይሰዳደቡበታል። የፖላሪስ ታይታንም 20 ኢንች ሰንሰለት ያለው የሥራ ማሽን ነው።

ሌላው ክብደት ነው። ፎር ስትሮኩ የሥራ ማሽን ከ300 ኪሎ ያልፋል። ሦስት ኩንታል! ልጁ ብቻውን ሲቀረቀር ማን ያነሳለታል? እኔ አንዴ ጫካ ውስጥ ቱ ስትሮኬ ተቀርቅሮ፣ ከጎኑ በረዶውን ረግጬ፣ ስኪውን ይዤ ብቻዬን አዙሬ አውጥቼዋለሁ። ከባዱ ቢሆን እስከ ሚያዝያ እዚያው ነበርኩ።

መልስ፦

እህቴ ልክ ብላለች፣ አልከራከርም። ፖላሪስን የዘለልኩት እኛ ጋ የማምነው መካኒክ የሚፈታው ስኪዱን ስለሆነ ነው፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት የለኝም። የክብደቱንም ነገር ተቀብያለሁ። እንግዲያው ስካንዲክ የሚባለውን የስኪዱ የሥራ ማሽን በ600 ቱ ስትሮክ፣ በ20 ኢንች ሰንሰለት ጠይቅ። ከፎር ስትሮኩ ይቀላል፣ ተሳቢም ይጎትታል።

ራዲያተሩን አትርሳ። የሚቀዘቅዘው ሰንሰለቱ በሚረጨው በረዶ ነው። ነፋስ ጠርጎት ባዶ ግግር ላይ ከነዳህ ይግላል። ግግሩን እየቧጠጡ ፍርፋሪውን የሚረጩትን መቧጠጫዎች አስገጥምና ባዶ ግግር ላይ አውርዳቸው። ግግሩ ራሱ 25 ሴንቲሜትር ካልሞላ እኔ አልገባም፣ ሌላው ቢገባም አትከተል። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ልብስህ ላይ እሰር። ትርፍ ቺንጋ ደግሞ መቀመጫው ሥር፣ ቤት አይደለም!

መስከረም መጨረሻ እመለሳለሁ፣ ሱቁ አብረን እንሄዳለን። ያን ባለ ቱርቦ ግን እስክመጣ ቀብድ እንዳትከፍልበት።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴም አመሰግናለሁ። ቀብዱን ግን ትናንት ከፍያለሁ። 500 ዶላር። ይመለስ ይሆን?

መልስ፦

ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ። ከጀርባው ያለውንም ጽሑፍ ጭምር።