ጥድ ልግዛ ለምትሉ፦ የሐበሻው፣ የፈረንጁና የጠርሙሱ

«ለቤት የሚታጠን እውነተኛ የሐበሻ ጥድ የት አገኛለሁ? ከሦስት ቦታ ገዛሁ፤ የሦስቱም ሽታ ለየቅል ነው።» ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጠየቀችኝ ይህንን ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ መልሴ አጭር ነው፦ አናጢ ቤት ሂዱ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከተማችን ውስጥ ጥድ ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዛፍ አይደለም። ለገና የምናስጌጠው፣ በየግቢው አጥር ሆኖ የሚከረከመው የፈረንጅ ጥድ ነው። አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠሉ እንደ ፀጉር ቁልቁል የሚንዠረገገው ደግሞ ፓቱላ ነው፤ እሱም ከሜክሲኮ የመጣ ነው። የሐበሻው ጥድ የሌላ ወገን ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ጋቲራ ይሉታል። ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ይስማማዋል፤ ወደ ደቡብ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ የመን ይገኛል።

ቅርንጫፍ ከገዛችሁ ፍሬውን ፈልጉ። የፈረንጁ ፍሬ እንጨት ነው፤ ክብ፣ ደረቅ፣ ሲበስል የሚሰነጣጠቅ። የሐበሻው ግን ከአተር ብዙም የማይተልቅ፣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ለስላሳ ፍሬ ነው። በጣታችሁ ጨፍልቁት፤ ሙጫው ይያዛችኋል፤ ሽታው እጃችሁን ታጥባችሁም ቶሎ አይለቅም። ፍሬ ከሌለው ግን የውሸት ነው ብላችሁ አትጣሉት። ዛፉ ወንድና ሴት አለው፤ የምታፈራው ሴቷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ግዢው። ሾላ ገበያና መርካቶ ቅጠላ ቅጠል ከሚሸጡ እናቶች እርጥቡን በእቅፍ ታገኛላችሁ። ርካሽ ነው፤ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይዘልም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ የፈረንጁ መሆኑ ነው። ሻጯ ልታታልላችሁ ፈልጋ አይደለም፤ ለእሷም ጥድ ጥድ ነው። ለጉዝጓዝና ለጌጥ ከሆነ ምንም አይልም። ለማጠን ግን እርጥብ ቅጠል ቤቱን በጭስ ይሞላና ሽታው ሳይመጣ እናንተ ትወጣላችሁ።

አናጢ ቤት ያልኩት ለዚህ ነው። የድሮ በርና መስኮት የሚጠግን፣ የሐበሻ ጥድ እንጨት የሚልግ አናጢ ፈልጉ። መላጊያው ሲያልፍ የሚወርደው ፍቅፋቂ ቀላ ያለ ነው። አፍንጫችሁ ስር አድርጉት። አንደኛ ክፍል እርሳስ ስትቀርጹ የነበረው ሽታ ነው! ነገሩ አጋጣሚ አይደለም፤ ኬንያ ያለው ይኸው ጥድ በቅኝ ግዛት ዘመን ለእርሳስ ፋብሪካዎች ይላክ ነበር። ሽታውን የሚይዘው ቀዩ የእንጨቱ ልብ ነው፤ ነጩ ዳርቻው እምብዛም አይሸትም። ምስጥም ልቡን አይደፍረውም፤ አያቶቻችን የጥድ ምሰሶ የሚመርጡት ወደው አልነበረም። እኔ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ በፌስታል ስወስድ አናጢው ገንዘብ አይቀበለኝም። ለሻይ ብዬ ነው የምሰጠው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አጥር ላይ የኖረ የጥድ ቋሚ እንዳታነዱ። እንዳይበሰብስ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡት ብዙ ነው። እኔ አንዴ ሳላውቅ ገሉ ላይ ጣል አድርጌ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሲሸት አምሽቷል። እንግዳ ነበረብኝ ደግሞ።

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይትስ? ሱቅ ውስጥ «ጁኒፐር» የተባለው አብዛኛው የአውሮፓው ዘመድ ነው፤ ጂን የሚባለው መጠጥ የሚቀመምበት። «ሴዳርውድ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ጥድ የወጣ ነው፤ ሽታው ለእኛው ይቀርባል። ሁለቱም ክፉ አይደሉም፤ የሐበሻ ጥድ ናቸው ብሎ መክፈል ነው ክፉው። እኔ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሱቅ «የሐበሻ ጥድ ቅባት» ብዬ ውድ ብልቃጥ ገዝቼ፣ ቤቴ ስከፍተው ባሕር ዛፍ ሆኖ አገኘሁት። ጉንፋን ስለያዘኝ አልባከነም፤ ቢሆንም አንጀቴ አሯል። ሳታሸቱ አትግዙ፤ አናስሸትትም ካሏችሁ ውጡ።

ጭስ ቤት ለምትሄዱ ሴቶች፣ ወይባ የሚያጨሱት ቤቶች ጥድ ልጨምርልሽ ቢሉ እኔ እምቢ በሉ ባይ ነኝ። ወይባው በራሱ ይበቃል፣ ጥዱም ጉሮሮ ይከረክራል። ለጠላ ጋንና ለወተት ዕቃም ወይራን የሚተካ የለም። የጥድ ቦታው ቁም ሣጥንና መኝታ ቤት ነው። ፍቅፋቂውን በነጠላ ጨርቅ ቋጥራችሁ ልብስ መሃል አድርጉት። ማጠን ካማራችሁ ሁለት ቁንጥር ይበቃል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ አስም ያለበት ሰው ሳይኖር። ከሰሉን በዝግ ክፍል ትታችሁ እንዳትተኙ፤ የሚገድለው እሱ ነው።

መድኃኒትነቱን የሚጠይቅ ደግሞ አይጠፋም። እናቴ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ ያደገችው ከወፍ ዋሻ ጫካ ሥር ነው። ለእሷ ጥድ ሙሉ ፋርማሲ ነው። ሙጫው ቁስል ላይ ይደረጋል። ፍሬው ተወቅጦ ለራስ ምታትና ለሆድ ሕመም ይሰጣል። ቅጠሉ ተቀቅሎ እከክ የያዘው ልጅ ይታጠብበታል። ለጋ ቀንበጡ ፈልቶ ለሆድ ትላትል ይጠጣል። ለኮሶ ትል ግን ኮሶውን ትቶ ጥድ የሚጠጣ የለም ትላለች። ቁንጫ የገባበት ቤት በጥድ ይታጠናል። አንድ ጊዜ መናገሻ ሱባ ወሰድኳት። የዚያ ጫካ ዘር በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ መጣ እንደሚባል ነገርኳት። ግንዱን መታ መታ አድርጋ «ታዲያስ፣ ያገሬ ልጅ!» አለችው። ከዚያ የወደቀ ፍሬ ለቅማ መቀነቷ ላይ ቋጠረች።

እናቴን እወዳታለሁ፤ የሚጠጣውን ግን አልጠቁማችሁም። ተመራማሪዎች ከፍሬው ቶታሮል የሚባል ንጥረ ነገር አውጥተው፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ባክቴሪያ ሲገታ አይተዋል። ከዚያ ተነስቶ ለልጅ በብርጭቆ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ልኩን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም፤ አንዷ እፍኝ ትላለች፣ ሌላዋ ጭብጥ። ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ጭራሽ አትሞክሩት። የሆድ ትል ከሆነ ጤና ጣቢያ ተመርምሮ ኪኒን መዋጥ ይቀላል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም።

ግቢ ካላችሁ ችግኝ ግዙ። ሻጩን «የሐበሻውን» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሕፃን ችግኝ ቅጠሉ እሾሃማ ስለሆነ ሲነካ ይወጋል፣ የፈረንጁ ይለሰልሳል። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በሁለት ዓመት ጥላ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ነገር ትከሉ።

ሳዑዲ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ አብሃ አካባቢ፣ የአሲር ተራሮች ላይ ይኸው ዛፍ አለ። «ዓርዓር» ብላችሁ ጠይቁ። መቁረጥ ክልክል ነው፤ መሬት የወደቀ ፍሬ ካገኛችሁ ግን ጨፍልቁና አሽትቱት።