ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ የማማከር ሥራ ቢሮ ያቋቁም? የባሕር ዳር መምህራንና ባለሙያዎች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት መነሻችን ይኸው። ብዙ መምህራን ከማስተማሩ ጎን ያማክራሉ። ለመንግሥት ቢሮ፣ ለኤንጂኦ፣ ለኮንትራክተር፣ ለፋብሪካ ጥናት ይሠራሉ፣ ዲዛይን ይገመግማሉ፣ ሥልጠና ይሰጣሉ። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ራሱን የቻለ ቢሮ ያቋቁም? ውል የሚያረቅ፣ ዋጋ የሚተምን፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ማለቴ ነው። ወይስ ጉዳዩን ለግለሰቡ ይተውለት?

የራሴን አቋም አስቀድሜ ልናገር። ቢሮው ያስፈልጋል። ግን መጀመሪያ ያገልግል፣ ድርሻውን ከዚያ በኋላ ይውሰድ። «ከመቶ ይህን ያህል ይቆረጣል» ብሎ የሚጀምር ቢሮ መምህሩን ያሸሻል።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ይከብዳል የምለው ዙሪያችን ጥናት የሚፈልግ ሥራ ስለሞላ ነው። የጣናን ውኃ መውጫ የሚቆጣጠረው ጨራ ጨራ በ1988 ተጠናቀቀ። 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ በ2002 ተመረቀ። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር በመስኖ ለማልማት ተሠራ። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ በዚያው ሐይቅ ላይ እምቦጭ ተስፋፋ። ውኃውን፣ አፈሩን፣ ዓሣውን፣ መሬቱን የሚያውቁት ሰዎች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ፖሊ፣ ፔዳና ዘንዘልማ ነው ያሉት። ጥናቱ ግን በማን ስም ይወጣል? ሪፖርቱስ የት ይቀመጣል?

የፖሊው መምህር፦
እኔ ሲቪል ነኝ። ሁላችንም የምናውቀውን በግልጽ እንነጋገር። ሲቪ ይከራያል። አንድ ድርጅት ጨረታ ሊገባ ሲል የዶክተሩን ሲቪና ፊርማ ይወስዳል። ካሸነፈ ዶክተሩ አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ግን ስሙ ወረቀቱ ላይ ይቀመጥና ሥራውን ጀማሪ ልጅ ይሠራዋል። ለዶክተሩ የምትደርሰው ትንሽ ናት፤ ዋናው ገንዘብ ድርጅቱ ጋ ይቀራል።

ለምን ይህን ያደርጋል? መምህር ብቻውን ጨረታ መግባት ስለማይችል ነው። ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ የታክስ ክሊራንስና የጨረታ ማስከበሪያም እንዲሁ። አንድ ሃይድሮሎጂስት ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ደመወዝ ብቻውን ወር አያደርስም። ስለዚህ ያከራያል።

ሌላም አለ። የፈረምኩበት መዋቅር ነገ ቢሰነጠቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የሙያ ኃላፊነት መድን የለኝም። ውሉን የሚያነብልኝ የሕግ ሰው የለኝም። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ቢሰጠኝ ከክፍያዬ ላይ ድርሻ ቢወስድ አይከፋኝም።

የፔዳዋ ተመራማሪ፦
እኔ እቃወማለሁ። ምክንያቴም ገንዘቡ አይደለም።

በማማከር ሥራ ጥያቄውን የሚያመጣው ከፋዩ ነው። ቲኦአሩ፣ ማለትም ምን እንደሚጠና የሚዘረዝረው ሰነድ፣ ተጽፎ ይመጣል፤ እኛ መልሱን እንሞላለን። ይህ ሲደጋገም መምህሩ የራሱን ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል። ማህሙድ ማምዳኒ እ.ኤ.አ. በ2010 በኡጋንዳ የማኬሬሬ የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ከሆነ በኋላ አጥብቆ የተቸው ይህንኑ ነበር። የማማከር ባህል ምርምሩን እየበላው ነው አለ። መፍትሔ ያለውም ተመራማሪን እዚያው የሚያፈራ የዶክትሬት ትምህርት መክፈትን ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ባህል በቢሮ ልናጸናው ነው?

ተማሪውንም አስቡት። የመመረቂያ ጽሑፉን ምዕራፍ ሁለት ለሚያማክረው መምህር ልኳል። አማካሪው መስክ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሠራም። ሴሚስተሩ ያልቃል። ቢሮ ሲቋቋም ይህ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያፈላልግ ሰው ይቀጠራል።

አወያይ፦
እህቴ፣ የተማሪው ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ አማካሪው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቢሮ ሲኖር ይታወቃል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ቀን ይገድባሉ። ስታንፎርድ ለመደበኛ መምህር በአንድ የትምህርት ሩብ ዓመት 13 ቀን ይፈቅዳል። ኦክስፎርድ በዓመት 30 ቀን። መምህሩ ቀኑን ያስመዘግባል፤ ዲፓርትመንቱ ከማስተማር ሎዱ ጋር ያስተያያል። እኛም ቁጥራችንን ራሳችን መወሰን እንችላለን። ያልተመዘገበን ሥራ ግን መገደብ አይቻልም።

የግል አማካሪው፦
እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ድርጅት ከፍቻለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር ኪራይ እከፍላለሁ፤ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፤ 15 በመቶ ቫት ሰብስቤ ገቢ አደርጋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሕንፃው የመንግሥት፣ ላብራቶሪው የመንግሥት፣ የባለሙያው ደመወዝ የመንግሥት። ይህን ሁሉ ይዞ ከእኔ ጋር ጨረታ ሲገባ ፍትሐዊ ነው? የክልሉ የዲዛይንና ቁጥጥር ድርጅት አለ፣ እሱም የመንግሥት ነው። ለግሉ ምን ይቀራል?

የፖሊው መምህር፦
ወንድሜ፣ ሥጋትህ ይገባኛል። ግን የአንተም ድርጅት የእኛን ሲቪ ይፈልጋል። ከተደበቀ ኪራይ ይልቅ በግልጽ ውል ከቢሮው ጋር ተጣምረህ ብትሠራ ለአንተም አይሻልም?

የግል አማካሪው፦
ዋጋው እውነተኛ ከሆነ እስማማለሁ። የላብራቶሪው ሰዓት፣ የመኪናው ነዳጅ፣ የመምህሩ ጊዜ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ይግባ። በመንግሥት በጀት እየተደጎመ ዋጋ የሚሰብር ቢሮ ግን እኛን ያፈርሰናል። እኛ ስንፈርስ ደግሞ ከፖሊ የሚመረቀውን ልጅ ማን ይቀጥረዋል?

አወያይ፦
ይህ ነጥብ ሚዛን ይደፋል። ዩኒቨርሲቲው ለወጪው ብሎ ከክፍያው የሚቆርጠው፣ ኦቨርሄድ የሚባለው ድርሻም ሊቆም የሚገባው በዚሁ ላይ ነው። የተጠቀምንበትን ላብራቶሪ፣ የተጠቀምንበትን የሰው ጊዜ ያሳይ። ምን እንደገዛ የማይታወቅ ቆረጣ ከሆነ መምህሩ እንደ ቅጣት ነው የሚያየው። ላብራቶሪውን ሳይነካ፣ ጽሑፍ ብቻ ገምግሞ ለሚከፈለው ሰው ድርሻው ዝቅ ማለት አለበት።

ከፋይናንስ፦
እኔ የምሠራው ክፍያ ላይ ነው። ስለ ትልቁ ነገር ስትነጋገሩ ሰማሁ፤ ቢሮውን የሚገድለው ግን ትንሹ ነው። ገንዘቡ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ከገባ በኋላ ለመውጣት ሰነድ ይፈልጋል። ውል፣ የሥራ ርክክብ፣ የሰዓት መመዝገቢያ፣ የኃላፊ ፊርማ። አንዱ ከጎደለ አልከፍልም፤ ኦዲተር ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። መምህሩ ደግሞ ሥራውን አስረክቦ ወራት ይጠብቃል፤ ጥላቻውም እኔ ላይ ያርፋል።

ግብሩንም አስቡበት። ክፍያው ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ከታሰበ የሥራ ግብሩ ከፍተኛ መጣኔ 35 በመቶ ነው። መምህሩ የተጣራውን ሲያይ «ተዘረፍኩ» ይላል። ከመፈረሙ በፊት ተሰልቶ ቢነገረው ግን ቅሬታው ግማሹ ባልመጣ ነበር። ቢሮ ካቋቋማችሁ የራሱ ሒሳብና የራሱ ሒሳብ ሠራተኛ ይኑረው። ከደመወዝና ከተማሪ ምግብ ግዢ ጋር አንድ ወረፋ ላይ አታሰልፉት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ከክርክራችሁ ብዙ ተማርኩ። አንድ ነገር ልጨምር። ፖሊ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ሲከፈት የተፈለገው ለፋብሪካው የሚሆን ቴክኒሺያን ነበር። ፔዳም በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በዩኤንዲፒ ስምምነት ሲቋቋም ትምህርትን ከገጠሩ ሕይወት ጋር የሚያስተሳስሩ ባለሙያዎችን እንዲያወጣ ነው። ሁለቱ በ1992 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከግቢ ውጭ ላለው ሰው መሥራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ክፍያው ነው። ስለዚህ የምፈራው አንድ ነገር ነው። የሚከፍል ብቻ እንዳይመከር።

ከዘንዘልማ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የእኔም ጭንቀት ነው። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለአማካሪ የሚከፍለው የለውም። የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበርም እንዲሁ። ግን የውኃ ድልድሉ ሲያጣላቸው፣ መረቡ ባዶውን ሲወጣ፣ ማሳቸው ጨው ሲያወጣ ምክር የሚሹት እነሱ ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ አይደል? ግብርናውም ይችላል። ቢሮው ከሚሰበስበው ድርሻ የተወሰነው ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢመደብ፣ መምህሩም ቀኑ እንደ ሥራ ቢቆጠርለት፣ ዛሬ በበጎ ፈቃድ የምናደርገው ነገር ይጸናል። የጣና ዳር አርሶ አደር የእምቦጭን ክምር ከማሳው ዳር በእጁ እየጎተተ ሲያወጣ አይተናል። ለእሱ ቲኦአር የሚጽፍለት የለም።

የፔዳዋ ተመራማሪ፦
ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ግን ማን ያስፈጽመዋል? ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ራስ ገዝነት የሚሄዱበት አዋጅ በ2015 ወጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። ሌላው ሲከተል ገቢ መፈለግ ግዴታ ይሆናል። ያኔ ቢሮው በስንት ብር አስገባ ይለካል። የአስጋሪው ማኅበር ከዝርዝሩ መጨረሻ ይሆናል።

አወያይ፦
ለዚህ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ግልጽነት። ቢሮው የያዛቸው ሥራዎች ሁሉ ዝርዝራቸው ይታይ። ማን አሠራው፣ ማን ሠራው፣ ስንት ቀን ወሰደ፣ ስንቱ በነጻ ተሠራ። ሪፖርቱም አሠሪው የሚስጥር ጊዜ ከጠየቀ ጊዜው ተወስኖ ይከበርለትና ከዚያ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ስለ ጣና የተጠና ጥናት በአሠሪው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ቀጣዩ ቡድን ያንኑ ናሙና እንደገና ይሰበስባል፣ ያንኑ ገበሬ እንደገና ይጠይቃል። የገበሬውም ትዕግሥት ያልቃል። ይህ ነገር ከገንዘቡ በላይ ያሳዝነኛል።

የፖሊው መምህር፦
አሠሪው ሪፖርቱን አላስወጣም ካለስ?

አወያይ፦
በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ከሆነ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ። የግል ፋብሪካ ከሆነ ርዕሱና የወሰደው ቀን ብቻ ይመዝገብ። ይህን የሚደራደር ሰው ነው ከቢሮው የምጠብቀው። መምህሩ ለብቻው ሲፈርም ይህን አንቀጽ የማስገባት አቅም የለውም።

ከፋይናንስ፦
በትንሹ ጀምሩት። አንድ የሕግ ባለሙያ፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ የውል ናሙና። ክፍያ ሰነዱ ከተሟላ በስንት ቀን እንደሚወጣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

የፔዳዋ ተመራማሪ፦
የቀን ገደቡና የሥራዎቹ ዝርዝር ለተማሪም ክፍት ከሆነ፣ ያ የተማሪው ምዕራፍ ሁለትም መልስ ሳያገኝ ለአማካሪው አዲስ ውል የማይፈረምለት ከሆነ እደግፋለሁ። እነዚህ ሁለቱ መመሪያው ውስጥ ካልገቡ ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።