ለማሸጊያ ቀለም ምን ዓይነት ማረጋገጫ ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ በሶ እያሸግን እንሸጣለን። አሁን የጅዳ ደንበኛ መጥቷል። በሶውን ወዶታል፤ ግን የከረጢቱ ቀለም ራሱ ሐላል መሆኑን በጽሑፍ አምጡ አለን። ቀለም ይበላል እንዴ ስለው፣ አንዳንዱ ቀለም ውስጥ ከእንስሳ ስብ የተሠራ ስቴሪክ አሲድ ሊኖር ይችላል አለኝ። እውነቱን ነው።

ከረጢቱ ፕላስቲክ ነው፤ ሕትመቱ በውጭ በኩል። ግን ተጠቅልሎ ስለሚመጣ የታተመው ገጽ የውስጡን ገጽ ተጭኖ ይከርማል። አንዱን ቀድጄ ውስጡን ዘይት በነካ ነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ቀይ ወጣ! ሽታውም አለ፤ የቀለሙ ማቅጠኛ ቶሉይን የሚባለው ኬሚካል ሳይሆን አይቀርም።

ማተሚያ ቤቱ የሰጠኝ የኬሚካል ደህንነት መግለጫ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚያወራው ስለ ሠራተኛው ጓንትና ስለ እሳት አደጋ ነው፤ ስለ ምግብ አንድም ቃል የለውም። የሐላል ማረጋገጫ ሰጪዎቹ የቀለሙን ሙሉ ይዘት ይፈልጋሉ። የቀለሙ አምራች ደግሞ «የንግድ ምስጢር ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ይሄ የገጠማችሁ ካላችሁ፦ አምራቹ ቀመሩን ሳያወጣ፣ ቀለሙ ከእንስሳ ተዋጽኦ ነፃ መሆኑንና ወደ ምግቡ የማያልፍ መሆኑን የሚያረጋግጥልኝ የትኛውን ሰነድ ልጠይቀው?